ጅማ ላይ የመቃብር ጽሑፍ የሚነበበው በቀትር ነው

ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ በማለዳ አንሳ፣ ካልሆነም ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ቀትር ላይ ግን ካሜራህን ከቦርሳህ አታውጣ። ለመልክዓ ምድር ምክሩ ልክ ነው። ከጅሬን ኮረብታ ቁልቁል ጅማን ለማየት፣ በጽድና በባሕር ዛፍ መሃል የቆሙ ሐውልቶችን ጥላ አስረዝሞ ለማሳየት፣ ጉም የዋጠውን ዳገት ለማንሳት ከማለዳ የሚሻል ሰዓት የለም። ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ከሆነ ግን ይኸው ምክር ቀኑን ሙሉ ያስለፋና ባዶ እጅ ይመልሳል። የጅማን ያረጁ መቃብሮች በማለዳ አንስቶ ማታ ኮምፒውተር ላይ የከፈተ ሰው የሚያገኘው የሚያምር ድንጋይ ነው፤ ስሙ የማን እንደሆነ ግን አይታይም።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከካሜራው ሳይሆን ከአቀባበሩ ነው። በእስልምና ሥርዓት ሟች በቀኝ ጎኑ ይጋደምና ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ አቅጣጫ፣ ይዞራል። መካ ከጅማ ስትታይ ወደ ሰሜን ናት፤ በትክክል ሲለካ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 12 ዲግሪ ያህል ፈንጠር ብላ። በቀኝ ጎን ተኝቶ ወደ ሰሜን ለመመልከት ራስ በምሥራቅ፣ እግር በምዕራብ መሆን አለበት። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልማድ ደግሞ ራስጌው ወደ ምዕራብ፣ እግርጌው ወደ ምሥራቅ ሆኖ ፊት ወደ ፀሐይ መውጫ ያያል። ራስጌና ግርጌ ተለዋወጡ እንጂ መስመሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም መቃብር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። በራስጌ የቆመ ጥርብ ድንጋይ እንግዲህ ሰፊ ፊቱ ወይ ወደ ምሥራቅ ወይ ወደ ምዕራብ ነው። ቦታ የጠበበበት፣ ዳገቱ ያስገደደው፣ ኋላ የተተካ ሐውልት ከመስመር ሊወጣ ይችላል፤ አብዛኛው ግን ኮምፓስ ሲያዩበት መስመሩን ጠብቆ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሂሳብ ነው። ተቀርጾ የተጻፈ ፊደል የሚታየው በቀለም ሳይሆን በጥላ ነው። ጥላ እንዲኖር ብርሃኑ ድንጋዩን ፊት ለፊት መምታት የለበትም፤ ላስ አድርጎት ማለፍ አለበት፣ ከድንጋዩ ፊት ከ5 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ተነሥቶ። በማለዳ የወጣች ፀሐይ ወደ ምሥራቅ የሚያየውን ፊት ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ የተቀረጸው ጉድጓድ ሁሉ በብርሃን ይሞላና ጽሑፉ ይጠፋል። በምዕራብ በኩል ያለው ፊት ደግሞ ጭልጥ ያለ ጥላ ውስጥ ነው። ፀሐይ ከምሥራቁ ፊት ወደ ምዕራቡ ፊት የምትሻገረው በትክክል ቀትር ላይ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ብርሃኑ ከሁለቱም ፊቶች ጋር ትይዩ ይሆናል። ከቀትር በፊትና በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ገደማ ነው የንባብ ሰዓት።

ቀትር ሲባል ግን 6 ሰዓት ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ሰዓት የተሰላው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፣ ጅማ ያለችው ደግሞ 37 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ስለዚህ ፀሐይ ጅማ ላይ መሃል የምትደርሰው በአማካይ 6፡33 ላይ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወደ 6፡17 ቀደም ትላለች፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ ወደ 6፡47 ትዘገያለች። አጋማሹን ይዘን 6፡30 ብንል፣ የምሥራቁ ፊት የሚነሳው ከ5፡30 እስከ 6፡10፣ የምዕራቡ ፊት ከ6፡50 እስከ 7፡30 ነው። በመሃል ያለው 40 ደቂቃ ለሁለቱም አይሆንም። ጥላው ከመጠን በላይ ረዝሞ አንዱ ፊደል ሌላውን ይውጠዋል፤ ያን ጊዜ ምሳ መብላት ነው። በሙስሊም መቃብር 12 ዲግሪዋ ትቆጠራለች፤ ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ነገር ግማሽ ሰዓት ያህል ይዘገያል።

ወሩም ልዩነት አለው። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ላይ የቀትር ፀሐይ ጅማ ላይ አናት ላይ ናት፤ ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ለግዕዝ ፊደል ይህ ግማሽ ብርሃን ነው። ከላይ የሚወርድ ብርሃን አግድም መስመርን ያወጣል፣ ቀጥ ያለውን እግር ግን ይደብቃል። ስለዚህ የ«ቡ» የጎን ቅጥያ ይታይና «ለ» ትሁን «ላ» አይለይም። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ በቀትር ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ 59 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትቆማለች፤ ብርሃኑ ሰያፍ ስለሚሆን ቅጥያውም እግሩም ጥላ ያገኛል። የምሥራቁን ፊት ለሚያነሳ ሰው ደቡብ በግራው ነው፤ ብርሃኑ ከላይ ከግራ ይመጣለታል፣ ይህም ዓይን የለመደው አቅጣጫ ነው። ብርሃን ከታች ሲመጣ ዓይን ይታለላል፤ ተቆፍሮ የተጻፈው ፊደል አብጦ የወጣ ይመስላል። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ጅማ ላይ ዝናቡ የሚቀንስበት ወቅት ነው፤ ለምን እነዚህን ወራት እንደምመርጥ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ለቆመ ድንጋይ ነው። መሬት ላይ የተጋደመ ጠፍጣፋ ድንጋይ በተቃራኒው የማለዳና የማታ ፀሐይ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ከ1 እስከ 2 ሰዓት የተጋደሙት፣ በቀትር የቆሙት። በዳገት ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ወደ ምዕራብ የሚያይ ዳገት ማለዳ ፀሐይ አያገኝም፣ ወደ ምሥራቅ የሚያየው ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ይጠለላል። አንድ ቀን ቀድሞ ሄዶ ይህን በወረቀት ላይ መያዝ ከማንኛውም ውድ ሌንስ ይበልጣል።

ችግሩ የጅማ መቃብር ብዙውን ጊዜ ዛፍ ሥር ነው። ጽድ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ባሕር ዛፍ፤ ቀትሩ ቢደርስም ድንጋዩ ላይ የሚወርደው የቅጠል ነጠብጣብ ብርሃን ነው፣ እሱ ደግሞ ከጥላም የባሰ ነው። መድኃኒቱ መስታወት ነው። ከቁም ሣጥን በር ላይ የሚገጠመው ዓይነት፣ 30 በ90 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በፕላስተር የተለበጠ። ረዳት ፀሐይ ያለበት ክፍት ቦታ ላይ ከ3 እስከ 6 ሜትር ርቆ ይቆምና ብርሃኑን በድንጋዩ ጎን በኩል ያስገባዋል። መስታወቱ ከድንጋዩ ፊት መስመር ጥቂት ብቻ ወጣ ማለት አለበት፤ ፊት ለፊት ከቆመ ጥቅም የለውም። ፀሐይ ስለምትሄድ ብርሃኑ በየደቂቃው ይንሸራተታል፣ ረዳቱ ዓይኑን ከድንጋዩ ላይ አይነቅልም። መስታወት ከሌለ ካርቶን ላይ የተለጠፈ የአልሙኒየም ወረቀት ይሠራል፣ ብርሃኑ ደከም ያለ ቢሆንም። ከናካቴው ፀሐይ ከሌለ ደግሞ ጥቁር ጃንጥላ ከላይ ይያዝና የሁለተኛ ስልክ መብራት በጎን ይበራል፤ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከቀኝ፣ ሦስት ፎቶ። ሦስቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ከሦስቱ የትኛውም ለብቻው የማያሳየውን ያነባል። ካሜራው ላይ ያለው ፍላሽ ግን ይዘጋ፤ የማለዳዋን ፀሐይ ስህተት በሌሊት እንደመድገም ነው።

ዳገቱ ራሱ የራሱ ሥራ አለው። የጅማ ቀይ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ሳሙና ነው። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ አፈር እየገፋ በድንጋዩ የላይኛው ወገን ይከምራል፣ ከታችኛው ወገን ደግሞ እየጠረገ ይወስዳል፤ ስለዚህ አሮጌ ድንጋይ ወደ ቁልቁለቱ ያዘነብላል። ይህን ያላሰበ ሰው ስልኩን ቀጥ አድርጎ ይይዝና ድንጋዩ አናቱ ጠቦ ታቹ ሰፍቶ ይወጣል። ለንባብ የሚነሳው ፎቶ ከአድማሱ ጋር ሳይሆን ከድንጋዩ ፊት ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ ስክሪኑ ላይ ያሉትን የፍርግርግ መስመሮች አብርቶ የድንጋዩን አራት ጠርዞች ከነሱ ጋር ማስተካከል ነው። ከዚያ ግን ሁለተኛ ፎቶ ያስፈልጋል፣ ካሜራው ከአድማሱ ጋር ትይዩ ሆኖ ከጎን የተነሳ፣ የድንጋዩን ዘመም ማለት የሚያሳይ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ የሚያነሳ ሰው ምን ያህል እንደወረደ የሚያውቀው በሷ ብቻ ነው።

የስልክን ሰፊ ሌንስ አትጠቀሙ፣ ጠርዙን ያጎብጠዋል። ማጉያውን 1 ወይም 2 እጥፍ ላይ አድርጎ 2 ሜትር ያህል መራቅ ይሻላል። ቁልቁለት ላይ ግን «2 ሜትር ራቅ» ማለት ወደ ኋላ መውደቅ ማለት ሊሆን ይችላል። በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ሰው ስክሪኑን እያየ ወደ ኋላ የሚራመደው ነው፤ ከኋላው የተደረመሰ ጉድጓድ አለ፣ ወይም ሣር የሸፈነው የሌላ ሰው መቃብር አለ። በመቃብር ላይ መርገጥም መቀመጥም በእስልምና የተከለከለ ነው፣ በክርስቲያኑም ዘንድ ነውር ነው። መጀመሪያ ዞሮ ማየት፣ እግር ማሳረፊያውን መምረጥ፣ ከዚያ መሄድ። ዝቅ ብሎ የቆመ ሰው ካሜራውን በረጅም ዘንግ ላይ አስሮ በ2 ሰከንድ መቁጠሪያ ያነሳል። ዘመም ያለ ድንጋይ ላይ መደገፍ፣ ቀና ለማድረግ መሞከር አይገባም፤ ብዙዎቹ መሠረት የላቸውም። ቦቲ ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ ሣሩን አስቀድሞ የሚነካካ ዱላ ይያዝ። ሳማው ያቃጥላል፤ ጉንዳን ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ፎቶውን ትቶ ሱሪውን ሲያራግፍ ይውላል።

ስለ ፈቃድ ብዙ አልልም፤ ግን ያለሱ አይገባም። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ የሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት፣ የሙስሊም መቃብር ከሆነ የመስጊዱ ኮሚቴ ነው የሚጠየቀው። ጽሕፈት ቤቱ ፈቅዶም በሩ ላይ ያሉት አዛውንት ላይፈቅዱ ይችላሉ። «አካም ጅርቱ» ብሎ ቆም ማለት፣ ካሜራውን ከማውጣት በፊት ከሳቸው ጋር ትንሽ መቀመጥ ያስፈልጋል። የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል፤ «ምን ልታደርግበት ነው?» «ጽሑፉ ሳይጠፋ ለማስቀረት ነው፣ አባባ» ብሎ ስልኩ ላይ አንድ የተነበበ ድንጋይ ማሳየት ከደብዳቤ በላይ ይሠራል። የትኛው ድንጋይ ከየት እንደተነሳ፣ የቱ እንደተተካ የሚያውቁትም እሳቸው ናቸው። ዓርብና እሑድ አይኬድም። ቀብር ከመጣ ካሜራው ቦርሳ ይገባል። ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ አይነሳም፤ ለዚህ ሥራም አያስፈልግም።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ላይ ደረስን፤ ማጽዳት። ድንጋዩ አረንጓዴና ነጭ ሽፋን ለብሷል፣ ፊደሉ አይታይም፤ እጅ ወደ በረኪና፣ ወደ ኦሞ፣ ወደ ብረት ብሩሽ ይዘረጋል። አይሆንም። በረኪና ድንጋዩ ውስጥ ጨው ትቶ ይሄዳል፣ ጨው ሲደርቅ ያብጣል፣ ሲያብጥ የድንጋዩን ፊት ይልጠዋል። ሎሚና ኮምጣጤ እብነ በረድን ይበላሉ። የብረት ብሩሽ የሚተወው ደቃቅ ብረት ከአንድ ክረምት በኋላ ዝጎ ድንጋዩን ያቀላዋል። ያ ነጭና ቢጫ ቅርፊት ደግሞ ድንጋዩን ጠልቆ የያዘ ነው፤ ሲቀረፍ የፊደሉን ጠርዝ ይዞ ይነሳል። የረገፈ ቅጠልና ጭቃ በለስላሳ የቀለም ብሩሽና በንጹሕ ውኃ ይነሳ፤ ሌላው ይቅር።

በጠመኔ ወይም በዱቄት ፊደሉን መሙላትም አለ። ድንጋዩን ከመቧጨሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጠመኔ የሚሞላው ሰው ያነበበውን እንጂ የተጻፈውን አይደለም። «አበበ» ብሎ ከሞላው በኋላ ድንጋዩ «አበራ» ይሁን ማን ይጠይቃል? ፎቶው ላይ የሚቀረው የሱ ንባብ ነው። በዚህ ፋንታ ውኃ በደቃቁ መርጨት ይቻላል። እብነ በረድ ላይ ውኃ ተረጭቶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሲጠበቅ ለጥ ያለው ፊት ቀድሞ ይደርቃል፤ የተቆፈረው ፊደል ግን እርጥበቱን ይዞ ይቆይና ጠቆር ብሎ ይነበባል። ጊዜዋ አጭር ናት፣ ካሜራው ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። በጥቁር ድንጋይ ላይ ይህ ብዙም አይሠራም፤ እርጥብ ጥቁር ድንጋይ ሰማዩን ያንጸባርቃል።

የብርሃን መጠን ላይ አንድ ነገር ብቻ። ነጭ ድንጋይ ፎቶውን ሲሞላው ካሜራው ደንግጦ ያጨልመዋል፣ በብርሃን ማስተካከያው (+/−) 1 ጨምሩለት። ጥቁር ድንጋይ ሲሞላው አመድ አስመስሎ ያበራዋል፣ 1 ቀንሱ። ነጭ ድንጋይ በጨለማ ዛፍ መሃል ትንሽ ሆኖ ከታየ ደግሞ ይቃጠላል፣ እዚህም መቀነስ ነው። ካሜራ ያለው ሰው አይኤስኦ 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ f/8 ላይ፣ በትራይፖድ ያንሳ። ሐውልት ላይ የተለጠፈ የሟች ፎቶግራፍ ካለ ከካሜራው ጀርባ ጥቁር ጨርቅ መዘርጋት ነጸብራቁን ያጠፋዋል።

ድንጋዩ ከታየ በኋላ ማንበቡ ይቀራል፤ ጅማ ላይ ማንበብ ቀላል አይደለም። በግዕዝ አኃዝ የተጻፈ ዓመት እንውሰድ፤ ፲፱፻፴፫። አምስት ምልክት አለው፣ 1933። 1930 ግን ፲፱፻፴ ነው፣ አራት ምልክት። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለው የምልክቱ ብዛት ከዓመት ዓመት ይለያያል። ስለዚህ ከ፴ ቀጥሎ የተላጠ ቦታ ካለ «ምንም አልነበረም» ማለት አይቻልም፤ ከ1930 እስከ 1939 ያለው ሁሉ ይቻላል፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ጣልያን አለ፣ 1933 አለ። ቁጥሩን ከፊደል የሚለዩት ከላይና ከታች ያሉት አግድም መስመሮች ናቸው፤ ሲያልቁ ቁጥሩ ፊደል ይመስላል። እነሱን የሚያወጣው ያ ከላይ የሚወርደው የቀትር ብርሃን ነው። በዐረብኛ አኃዝ ደግሞ 2 (٢) እና 3 (٣) የሚለያዩት በአንዲት ጥርስ ነው።

ዓመተ ምሕረትም ሂጅራም በተጻፈበት ይመዝገብ፣ እዚያው ቆሞ መለወጥ አያስፈልግም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ያረፉበት የፈረንጆቹ 1932 በሂጅራ ሁለት ዓመት ይነካል፣ 1350 እና 1351፤ በእኛም ሁለት፣ 1924 እና 1925። ወር ያልተጻፈበትን ድንጋይ የለወጠ ሰው ገምቷል ማለት ነው፤ ግምቱ ደግሞ ከዋናው ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል።

ስሙም ያሳስታል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው «አባ» የሚል ሲያይ መነኩሴ ይመስለዋል። ጅማ ላይ «አባ» የፈረስ ስም መጀመሪያ ነው፤ አባ ጅፋር፣ አባ ሬቡ፣ አባ ቦካ፣ አባ ጎሞል የሚባሉት ነገሥታት ሁሉ ሙስሊሞች ነበሩ። በመዝገቡ ላይ «አባ»ን ማዕረግ ብሎ ቆርጦ የጣለ ሰው የሟቹን ስም ግማሹን ጥሏል። ቋንቋውም ዘመን ይናገራል። ቁቤ፣ ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በይፋ ሥራ ላይ የዋለው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በቁቤ የተጻፈ ድንጋይ የ1950ዎቹን ዓመት ከያዘ ምናልባት ድንጋዩ ኋላ የተተካ ነው፣ «አሮጌ» ብሎ ከመመዝገብ በፊት ዘበኛውን መጠየቅ። ምንም ያልተጻፈበት፣ ያልተጠረበ ድንጋይ ብቻ የቆመበት የሙስሊም መቃብርም ብዙ ነው። እሱን ለማለፍ ልብ አይነሳሳ። አቀማመጡ ራሱ መረጃ ነው፤ ከዳገቱ ላይ ሆኖ ረድፉን በሙሉ ማንሳት ይበቃል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን አይጠፋም፤ ረድፍ ከላይ ወደ ታች፣ ድንጋይ ከግራ ወደ ቀኝ ይቆጠራል። እያንዳንዱ ረድፍ ሲጀመር ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ይነሳል፤ ማታ 300 ፎቶ ሲለያይ የሚያድነው ያ ወረቀት ነው። ለአንድ ድንጋይ ቢያንስ አራት ፎቶ ያስፈልጋል፤ አካባቢው፣ ፊቱ፣ ጽሑፉ በቅርብ፣ ጀርባው። በአንዱ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ከጎን ይቀመጥ፣ ድንጋዩ ላይ ሳይሆን አጠገቡ። የስልክ ጂፒኤስ ዛፍ ሥር 5፣ 10 ሜትር ይስታል፣ ያ ማለት ሁለት ሦስት ረድፍ ነው፤ የእጅ ንድፍ ይሣል። በአንድ የ40 ደቂቃ ብርሃን 20 ድንጋይ የሠራ ሰው ቀኑ ቀንቶታል። ፎቶው ማታውኑ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ ዝርዝሩም ታትሞ አንድ ቅጂ ለጽሕፈት ቤቱ ወይም ለኮሚቴው ይሰጥ፤ በስልክ የተላከው ይጠፋል፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቆያል።

ያልተነበቡት በዝርዝሩ ላይ ባዶ ሆነው ይለፉ፣ በግምት አይሞሉ፤ አጠገባቸው ፎቶው የተነሳበት ወርና ሰዓት ይጻፍ። ሚያዝያ ላይ ያልታየች የ«ላ» እግር ታኅሣሥ ላይ፣ 6 ሰዓት አካባቢ፣ ከጥላዋ ጋር ብቅ ትላለች።